ከምርጥ ዘሩ በፊት የተፈለፈለችው ጫጩት ትትረፍ

ጨው ሲያልቅ፣ የልጅ ደብተር ሲሞላ፣ የወፍጮ ሲጠየቅ ገጠር ውስጥ በግ አይሸጥም። ለእንዲህ ዓይነቷ ወጪ ብሎ ከጎተራ እህል የሚያወጣም ብዙ የለም። እንቁላል ይቆጠራል። ካልበቃ አንዲት ቄብ ትያዝና ገበያ ትወርዳለች። የሞባይል ካርድ የሚሞላው፣ ልጅ ሲታመም እስከ ጤና ጣቢያ የባጃጅ የሚከፈለው፣ የዕድር መዋጮ የሚሸፈነው ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው። እንቁላሉ እስከ ገበያ ቀን እህል ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል። ቀዝቀዝ ይላል፣ ከመሰበርም ይድናል። ቅዳሜ ሲደርስ በገለባ ተደርድሮ በቅርጫት ይወጣል።

ይህ ገንዘብ በአብዛኛው የእናት ነው። ጤፉንና በሬውን የሚሸጠው አባወራው ነው፤ ዋጋውም የሚመከርበት ነው። ዶሮና እንቁላል ላይ ግን ሴቷ ማንንም ሳትጠይቅ ትወስናለች። ለመጀመርም ካፒታል አያስፈልግም። መሬት የሌላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት እንኳ ከጎረቤት አንዲት ዶሮ በርቢ ትወስዳለች። አስታቅፋ፣ አሳድጋ፣ ጫጩቶቹን ከዶሮዋ ባለቤት ጋር እኩል ትካፈላለች። ላም ለመግዛት ዓመታት የሚፈጅበት ቤት በአንድ ክረምትና በጋ የራሱ ዶሮ ሊኖረው ይችላል።

መንግሥትም ረድኤት ድርጅቶችም ዶሮ ላይ ያተኮሩት ለዚህ ነው። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ ማር፣ እንቁላልና የዶሮ ሥጋን ከፊት አሰልፏል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። እንቁላል በገጠር ልጅ ሳህን ላይ እንዲገኝ መመኘት ምን ክፋት አለው? የሚያሳስበኝ ሪፖርቶቻችን የሚቆጥሩት ነገር ነው። የተሠራጨ ጫጩት ይቆጠራል። ለስንት አባወራ እንደታደለ በዜና ይነገራል። ከስድስት ወር በኋላ ከነዚያ ጫጩቶች ስንቱ በሕይወት እንዳሉ፣ ስንቱ እንቁላል እንደጣሉ፣ ገንዘቡ በማን እጅ እንደገባ የሚያነሳ ሰው ግን ብዙ አይገጥመኝም።

ሁለት ሥራ፣ አንድ ስም

ነገሩ የሚምታታው ከስሙ ይመስለኛል። «የዶሮ እርባታ» ብለን የምንጠራቸው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

አንደኛው ጓሮ ውስጥ ያለው ነው። አራት አምስት ዶሮ፣ አንድ አውራ ዶሮ፣ የሚከተሏት ጫጩቶች። ጠዋት ይለቀቃሉ፣ ቀኑን ሙሉ ጭረው ይበላሉ፣ ማታ ቆጥ ላይ ይወጣሉ። የሚጣልላቸው ነገር ቢኖር የእህል ግርድ፣ የተረፈ እንጀራ፣ አንዳንዴ አንድ እፍኝ በቆሎ ነው። ሁለተኛው ከብረት ፍርግርግ ወይም ከቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በተገዛ መኖ፣ በክትባት ካርድ የሚሠራ ንግድ ነው። አገሪቱ ውስጥ ካለው ዶሮ አብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ በ2013 ዓ.ም. ባካሄደው የእንስሳት ጥናት 57 ሚሊዮን ያህል ዶሮ ሲገመት፣ ከአምስቱ አራቱ ገደማ የአገር ውስጥ ዝርያ ነበር።

እስቲ ሁለቱን በቁጥር እንያቸው። እንቁላል ጣይ የሆነች የፈረንጅ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። አሥር ዶሮ ያላት እናት በየቀኑ ከአንድ ኪሎ በላይ ማቅረብ አለባት። አንድ ኩንታል መኖ ቢበዛ ሦስት ወር ቢያደርስ ነው። በዘመናዊ እርባታ ውስጥ ከጠቅላላው ወጪ ከመቶ 60 እስከ 70 የሚሆነውን የሚወስደው መኖ ነው። በቆሎ ሲወደድ፣ አኩሪ አተርና ፋጉሎ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚመታው ይህ ሥራ ነው። ከተማ አካባቢ፣ መንገድ ዳር፣ የመኖ ሱቅ ባለበት ቦታ የሚሠሩ ወጣቶች ይቋቋሙት ይሆናል። ከአስፋልት ሦስት ሰዓት በእግር ለምትርቅ እናት ግን መኖው ራሱ የለም። ከተማ ወርዳ ብትገዛው በአህያ ጭኖ ማድረሱ ሌላ ወጪ ነው።

ስለዚህ የተሰጣትን አምስት ቦቫንስ የሚባሉ የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች እንደ ሀበሻ ዶሮዋ ትለቃቸዋለች። ሌላ ምን ታድርግ? እነሱ ደግሞ መሬት ጭሮ መኖርን አያውቁበትም። ከብደዋል፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ እንደ ሀበሻዋ ፈጥነው ከቁጥቋጦ ሥር አይገቡም። ጥቂት ሳምንት እንቁላል ይጥሉና ይከሳሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ያልቃሉ። በሪፖርቱ ላይ ግን አምስት ዶሮ ያገኘች አንዲት እናት አሁንም አለች።

ጫጩቷ የት ትሄዳለች?

የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ትጥላለች ይባላል፤ ቦቫንስ በጥሩ አያያዝ 300 ገደማ። በዚህ ማወዳደሪያ የሀበሻዋ መሸነፏ አይቀርም። ነገር ግን የሀበሻዋ ዶሮ ዓመቱን ሙሉ እንቁላል ለመጣል አትኖርም። አሥራ ሁለት አሥራ አምስት ያህል ትጥልና ትታቀፋለች። 21 ቀን ከእንቁላሉ ላይ አትነሳም ማለት ይቻላል። ከፈለፈለች በኋላ ደግሞ ጫጩቶቿን ይዛ ስትዞር ሁለት ወር ያህል ይሄዳል። ከዓመቱ ውስጥ ብዙው ጊዜ የሚያልፈው በእናትነት ነው። በምትኩ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ማሽን፣ ያለ ደመወዝ ዶሮ ታመርታለች። እንቁላል የሚፈልግ ቤት መታቀፏን ሊያስቆማት ይሞክራል፤ እግሯን አስሮ ቁልቁል የሚያንጠለጥላት፣ ውኃ ውስጥ የሚነክራት፣ አፍንጫዋ ላይ ላባ የሚሰካባት፣ ጎረቤት ወስዶ ለጥቂት ቀን የሚያሳድራት አለ። ያሳዝናል። የቸገረው ሰው ግን ያንን ሁለት ወር በእንቁላል ሲቆጥረው ይታያችሁ።

እውነተኛው ኪሳራ ግን ሌላ ቦታ ነው። ከሚፈለፈሉት ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንድ ቦታም ከዚያ በላይ፣ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ይሞታሉ። የትንሽ ቤት ሒሳብ እንሥራ። አንዲት ዶሮ በዓመት ሦስት ጊዜ ታቀፈች እንበል፤ በየጊዜው አሥር ፈለፈለች፤ አምስት ተረፉላት። በዓመት 15 ዶሮ። አሁን ከአሥሩ ስምንት ቢተርፉላትስ? 24። ዝርያ አልተቀየረም። መኖ አልተገዛም። ዘጠኝ ዶሮ ተጨመረ። ከነዚያ ዘጠኙ ጥቂቶቹ ለበዓል ቢደርሱ ለአንድ የገጠር ቤት ምን ማለት እንደሆነ የገበያ ዋጋ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ጫጩቶቹን የሚፈጃቸው ማን ነው? ጭልፊት አለ፣ ሸለመጥማጥ አለ፣ ብርድ አለ። ዋናው ግን ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። ገበሬው ምልክቱን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ዶሮዋ ክንፏን ትጥላለች፣ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ አንገቷ ይጣመማል። ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሦስቱ፣ በሳምንት ውስጥ ቆጡ ባዶ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ዝናቡ ሲጀምር፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። በመንደሩ መሞት ተጀመረ ሲባል ሰው የተረፉትን ዶሮዎቹን ይዞ ወደ ገበያ ይሮጣል። ማንም ቢሆን የሚያደርገው ነው፤ ነገ የምትሞትን ዶሮ ዛሬ መሸጥ። ግን በሽታው ሳይታይባት የተሸጠችው ዶሮ ተሸክማው ሌላ መንደር ትገባለች። ዋጋውም በአንድ ቀን ይወድቃል። የአንድ ዓመት ልፋት በሁለት ገበያ ቀን ያልቃል።

ለፈንግል መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለው፤ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ ባለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ይመረታል። ታዲያ ጓሮ ላይ ለምን አይደርስም? ችግሩ የብልቃጡ መጠን ነው። አንዱ ብልቃጥ ለመቶዎች ዶሮ የሚሆን ነው። ተከፍቶ ከተበጠበጠ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስድስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ልትገዛው አትችልም፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያውም ለስድስት ዶሮ ብሎ ብልቃጥ አይከፍትም። ብዙዎቹ ክትባቶች ማቀዝቀዣ ይፈልጋሉ፣ የቀበሌው ክሊኒክ መብራት ግን ይሄዳል ይመጣል።

መፍትሔው የሚታወቅ ነው። ሙቀትን የሚቋቋም፣ አይ-2 የሚባል ክትባት አለ። ለተወሰኑ ቀናት ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያል። የሚሰጠው በዓይን ነው፤ አንድ ጠብታ ለአንድ ዶሮ፣ በየሦስት አራት ወሩ። መርፌ የለ፣ ዲግሪ አያስፈልግ። በሞዛምቢክና በታንዛኒያ መንደሮች ሥራውን የሚሠሩት የሠለጠኑ የመንደሩ ሰዎች ናቸው፣ ብዙዎቹም ሴቶች፤ በዶሮ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይከፈላቸዋል። እኛም ዘንድ ቢሆን ልዩነቱን የሚያመጣው ቀኑን መቁረጥ ነው። ዶሮዎቹ ገና ከቆጥ ሳይወርዱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ አንድ መንደር በአንድ ጠዋት። ዶሮ ከተለቀቀች በኋላ ለመያዝ ግማሽ ቀን መሯሯጥ ነው፤ ይህን የሞከረ ያውቀዋል። ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ሳይገባ አንድ ዙር ቢሰጥ፣ ግንቦት ላይ የሚሞተው ዶሮ ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳል።

ሌላው ርካሽ ነው። ጫጩቶቹን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከቀርከሃ በተሠራ ትልቅ ቅርጫት ሥር ማቆየት፣ ውኃና ጥቂት የተፈጨ እህል ማድረግ፣ ከተገኘ ምስጥ መጨመር። ብርዱን ለመከላከል ግድግዳው በገለባ የተጠቀጠቀ ሳጥን አለ፤ ጫጩቶቹ በራሳቸው የሰውነት ሙቀት ሌሊቱን ያልፋሉ። የግብርና ምርምር ሰዎች ለዓመታት ሲያስተዋውቁት የኖሩት ነገር ነው። ለእይታ የሚስብ አይደለም። በምረቃ ላይ ሪባን አይቆረጥለትም። የሀበሻዋ ዶሮ ደግሞ በዚህ ሳጥን ጫጩቶቿን ስታስረክብ ቶሎ ወደ እንቁላል ትመለሳለች።

የቆጡን ለማውረድ

ዝርያ ማሻሻል አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ግን ከታሪካችን መማር አለብን። ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ወደ አገሪቱ የገቡት ገና በ1940ዎቹ ዓ.ም. ከጅማና ከዓለማያ ኮሌጆች ጋር ነው። ከዚያ በኋላ ገበሬው የራሱን አውራ ዶሮ አስረክቦ ምርጥ ዘር አውራ ዶሮ እንዲወስድ የተደረገበት ዘመቻም ነበር። የተሰጠው አውራ ዶሮ ብዙ ቦታ አልሰነበተም፤ የአገሬው ደግሞ ታርዷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

የፈረንጅ ዶሮ አንድ ነገር ጎድሏታል፤ አትታቀፍም። ለእንቁላል ብዛት ስትመረጥ መታቀፍን ተውታለች። ስትሞት ወይም ስታረጅ የምትተካት የለችም፤ እንደገና መግዛት ነው። ገጠር ውስጥ ብልህ እናቶች መፍትሔ አላቸው፤ የፈረንጇን እንቁላል ለሀበሻዋ ያስታቅፏታል። ሁለቱንም ማኖር ያዋጣል ማለት ነው።

ደስ የሚለው ሁለት መንገድ ተከፍቷል። አንዱ ከራሳችን ዶሮ መምረጥ ነው። ከወለጋ የመጣችው የሆሮ ዶሮ ደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በእድገቷ፣ በእንቁላሏና በመትረፏ እየተመረጠች ትራባለች። መትረፍን እንደ መመዘኛ መያዙ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ለነገሩ በዚህ ምድር ዶሮ አዲስ አይደለችም፤ ሰሜን ትግራይ መዝብር በተባለ ቦታ የተገኘ የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 800 ዓመት ይጠጋል። ይህን ያህል ዘመን ከበሽታው፣ ከጭልፊቱና ከረሃቡ ጋር ኖራ የተረፈችን ዶሮ በአንድ ዘመቻ መተካት የለብንም።

ሁለተኛው የጫጩት አሳዳጊዎች መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ኢትዮቺክን የተባለ የጫጩት አምራች ኩባንያ ያስፋፋው አሠራር እንዲህ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት በቀጥታ ለገበሬ አይሰጥም። ወረዳ ላይ ያለ አሳዳጊ ይረከባል፤ 45 ቀን ያህል አሙቆ፣ መግቦ፣ ክትባቷን አስጨርሶ ለገበሬው ይሸጣል። ገበሬው የሚገዛት በጣም አደገኛውን ጊዜ ያለፈች ዶሮ ናት። ሳሶ የምትባለዋም ሆነች ሌላዋ ሁለገብ፣ ማለትም ለእንቁላልም ለሥጋም የምትሆን ዝርያ ጓሮ ላይ ከቦቫንስ ይልቅ ትችላለች። ለእኔ ይህ በነፃ ከማደል የተሻለ ነው። ከፍላ የወሰደች እናት ታጥራለች፣ ታስከትባለች። አሳዳጊውም ዶሮዋ ከሞተች ነገ ተመልሳ እንደማትገዛው ያውቃል።

እንቁላሉን ማን ይበላዋል?

እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 ከመቶው ለዕድሜያቸው አጭር ነበሩ። ዶሮ ያለው ቤት ልጅ እንቁላል ይበላል ብለን እንገምታለን። ብዙ ጊዜ ይሸጣል። በጾም ወራት ደግሞ ልጁ ባይጾም እንኳ ድስቱ እንዳይነካካ ስለሚፈራ እንቁላል አይጠበስለትም። ሃላባ ላይ የተሞከረ አንድ ሥራ ሁሌም ያስደንቀኛል። ሁለት ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮ ለወላጅ ሳይሆን ለልጁ በስጦታ ተሰጠ፤ በሃይማኖት አባቶች እጅ። ወላጆቹም የዶሮ ቤት ሊሠሩ፣ እንቁላሉንም ለልጁ ሊሰጡ ቃል ገቡ። የልጅ ስጦታ በዋዛ አይሸጥም። የልጆቹ እንቁላል መብላት ጨመረ።

የዶሮ ቤት የተባለው ለይምሰል አይደለም። ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን መረጃ ሲመረምሩ ዶሮ ያላቸው ቤቶች ልጆች በቁመት የተሻሉ ሆነው አገኙ፤ ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት የሚያድሩ ከሆነ ግን ተቃራኒውን። ኩሱ ወለሉ ላይ ነው፣ የሚድኸውም ልጅ እዚያው ነው። ከመኖሪያ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተያይዞ ከውጭ የሚሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ በር ያለው ትንሽ የዶሮ ቤት ሸለመጥማጡንም ኩሱንም ይለያል። እንጨትና ጭቃ ነው የሚፈልገው።

ስለ ገበያው አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የዶሮ ዋጋ ጾሙን ተከትሎ ይወርዳል፣ በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽና በገና ይወጣል። እንቁጣጣሽ ደግሞ የትምህርት ቤት መክፈቻ ነው። ጎተራው የሚሳሳውም ያኔ ነው። ለዚያ ገበያ የሚደርሰው አውራ ዶሮ የካቲትና መጋቢት ላይ የተፈለፈለ ነው። ማለትም የፈንግልን ወቅት በሙሉ ማለፍ አለበት። የሚያዝያው ክትባት የመስከረም ደብተር ነው የምለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም ሥራው ሲያድግ የሚመጣው ጣጣ አለ። አምስቱ ዶሮ ሃምሳ ሲሆኑ፣ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ፣ ብድር ሲጠየቅ ፈራሚው አባወራው ይሆናል። የማኅበሩ ሒሳብ በእሱ ስም ይከፈታል። የእንቁላሉ ገንዘብ በየገበያው በእጇ መግባቱ ቀርቶ በወር አንዴ ባንክ ይገባል። ቤቱ በድምሩ ሀብታም ሆኖ፣ እሷ ግን ለጨው ገንዘብ መጠየቅ ልትጀምር ትችላለች። ይህ እንዳይሆን ማድረግ ከባድ አይደለም። ብድሩ በእሷ ስም ይሁን፣ ለሥልጠናው የምትጠራው እሷ ትሁን፣ ሒሳቡ የጋራ ከሆነም ያለ እሷ ፊርማ አይውጣ። ጫጩት ለማከፋፈል ስም ዝርዝር የሚይዙ የወረዳ ባለሙያዎች ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ቅጹ ላይ ማስገባት ይችላሉ። በስድስተኛው ወር ሲመለሱም የተረፉትን ዶሮዎች ከቆጠሩ በኋላ ስለ ገንዘቡ የሚጠይቁት እሷን ራሷን ይሁን።